ዘይቱ ወደ ምንጩ ሲወርድ

የአፍዴራን ሐይቅ ብዙ ሰው የሚያውቀው በጨው ነው። ሐይቁ አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይገኛል። ውሃው በፓምፕ ተስቦ ሰፋፊ ገንዳዎች ውስጥ ይተኛል። ፀሐይ ሲያደርቀው ጨው ይቀራል። እኔ እዚያ በአንድ ጨው ማምረቻ የፓምፕና የጄኔሬተር መካኒክ ነበርኩ።

የሐይቁ ውሃ ከባሕር ውሃ በብዙ ይበልጥ ጨዋማ ነው። ዳር ዳሩን ግን ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ ጨውነቱም ከሐይቁ ያነሰ ነው። ሠራተኛው አመሻሽ ላይ ገላውን የሚታጠበው እዚያ ነው። ዝም ብለህ ከተቀመጥክ ከጣት የማይረዝሙ ዓሦች መጥተው እግርህን ይነካካሉ።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ ከምንጩ ከፍ ብሎ ባለ ደልዳላ ቦታ የጄኔሬተር ዘይት እንቀይር ነበር። የተቃጠለውን ዘይት የያዘው ጄሪካን ተገለበጠ። ጥቁሩ ዘይት ቁልቁል ወደ ምንጩ ወረደ። ሁሉም ሰው ለመገደብ የተሯሯጠው አጠገባችን ወደተከመረው የጨው ጆንያ ነበር። ሁለት ልጆች ተሸክመው ሲሮጡ የአካባቢው ተወላጅ የሆነው ጠባቂያችን ጮኸ።

«ጨው አታስገቡ! ዓሣው ከጨው ሸሽቶ ነው እዚህ የተጠጋው! አፈር አምጡ፣ አፈር!»

አካፋ ያገኘ በአካፋ፣ ያላገኘ በእጁ አፈር መለሰበት። ዘይቱ ውሃው ጋ ሳይደርስ ቆመ። የተበከለውን አፈር ዝቀን በበርሜል ከዚያ አራቅነው። እኛ መሣሪያውን እናውቃለን፤ ውሃውን የሚያውቀው ግን እሱ ነበር። ያን ቀን ባይኖር ኖሮ ምንጩን በገዛ እጃችን ጨው እናደርገው ነበር።

ከዚያ በኋላ ስለ ዓሦቹ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለት ዓይነት ናቸው፤ ሁለቱም ከአፍዴራ ውጪ በዓለም ላይ የሉም። ዳናኪሊያ ፍራንኬቲ የሚባለው በ1931 በሳይንስ የተመዘገበ ሲሆን ስሙን ያገኘው አካባቢውን ካቋረጠው ጣሊያናዊ ተጓዥ ከራይሞንዶ ፍራንኬቲ ነው። ሁለተኛውን በ2001 አበበ ጌታሁን የተባሉት ኢትዮጵያዊ የዓሣ ተመራማሪ ከኬኔት ላዛራ ጋር ሆነው አስመዘገቡት። አስቡት፤ ሰው ለዘመናት ሲታጠብበት በኖረ ውሃ ውስጥ!

የጣና ዓሣ አንድ ጥግ ቢበከልበት ወደ ሌላው ይሄዳል። የአፍዴራው ወዴት ይሄዳል? ከኋላው የሚፈላ ምንጭ፣ ከፊቱ የሚገድል ጨው ነው። አገሩ ሁለቱ የሚገናኙበት ጠባብ ዳርቻ ብቻ ነው። አንድ ጄሪካን ዘይት እዚያ ብዙ ነው።

ኃላፊያችን በዚያው ሳምንት የዘይት መቀየሪያውን ከገንዳዎቹ ማዶ አዛወረው። የሚያስጨንቀኝ ሳሙናው ነው። ልብስ የሚታጠበው እዚያው ምንጩ ውስጥ ነበር። ውሃውን ቀድተን ራቅ ብለን እንጠብ ብለን ተነጋገርን። አንዳንዱ ተስማማ፤ አንዳንዱ «በዚህ ሙቀት ማን ይሸከማል?» አለ። እውነቱን ነው፣ ሙቀቱ ይከብዳል። እኔና ጠባቂው ባዶ በርሜሎች አጥበን ከምንጩ ራቅ አድርገን አቆምንና ጠዋት ጠዋት እየሞላን እናስቀምጥ ጀመር።