ቅጣት ላይ ቅጣት

ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ባለ አንድ የወንዶች እስር ቤት ነርስ ነኝ። እስረኞቹ የብቻ መታሰሪያውን «ቦክስ» ይሉታል። አገር ቤት የምናውቀው ዓይነት ጨለማ ቤት አይደለም፤ መብራቱ ሌሊትም ይበራል።

የብቻ እስርን ከሚገድበው አዲሱ የግዛቱ ሕግ በፊት አንድ የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። የገባው ወረፋ ላይ ተሳድቦ ነው። ቦክስ ውስጥ በር ደበደበ፤ ክስ ተጻፈበት፣ ቀን ተጨመረለት። የምግብ ትሪ አልመልስም አለ፤ አሁንም ተጨመረ። ስልክ ተከለከለ፣ ከእስር ቤቱ ሱቅ መግዛትም ተከለከለ። ዘግተውበት ይናደዳል፣ ሲናደድ ደግሞ ይዘጉበታል።

አንድ ከሰዓት እጁን በምግብ ማቀበያው ቀዳዳ አውጥቶ አልመልስም አለ። እንዲህ ሲሆን ራስ ቁር ያጠለቁ ጠባቂዎች ይሰበሰባሉ፣ የሚያቃጥል ጋዝ ይረጫል፣ ከዚያ እኔ ዓይን አጥባለሁ። የዕለቱ ሳጅን ግን ጡረታው የደረሰ ሰው ነበር። ሰዎቹን ገለል አደረጋቸውና ወንበር ስቦ በሩ ሥር ተቀመጠ።

«ምን ጎድሎህ ነው?»

ልጁ መነጽሩን ነበር የሚፈልገው። ሲዛወር ዕቃው አብሮት አልመጣም። የተከሰሰበትን ወረቀት እንኳ ማንበብ አልቻለም። ሳጅኑ ዕቃ ክፍል ደወለ፣ መነጽሩ መጣ፣ እጁም ተመለሰ። ሳጅኑ ክሱን ግን አልተወውም፤ ጽፎ አስገባው። እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር።

ሕጉ ሥራ ላይ የዋለው መጋቢት 2022 ነው፣ በፈረንጆቹ። ማንም ከ15 ተከታታይ ቀን በላይ ቦክስ አይቆይም። ቁጥሩ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ካጸደቀው የእስረኞች አያያዝ ደንብ፣ የማንዴላ ደንብ ከሚባለው ጋር አንድ ነው። ያ ልጅ ዛሬ ቢሆን በዕድሜው ብቻ አይገባም ነበር፤ 21 ዓመትና ከዚያ በታች የሆነ አይገባም።

የካቲት 2025 ላይ በግዛቱ ያሉ ጠባቂዎች ሥራ ሲያቆሙ አንዱ ጥያቄያቸው ይህ ሕግ እንዲሻር ነበር። ፍርሃታቸው የውሸት አይደለም። ተደብድቦ የመጣ ጠባቂ አክሜያለሁ። ሁሉንም ሕጉ ላይ መለጠፉ ግን አልተዋጠልኝም። በዚያው አድማ የሰው እጥረትና የግዴታ ትርፍ ሰዓትም በቅሬታ ተነስቷል፣ እኔን ቢጠይቁኝ ዋናው እሱ ነው። ሁለት ፈረቃ አከታትሎ የቆመን ጠባቂ፣ ወንበር ስበህ ስለ መነጽር ጠይቅ ብትሉት አይሰማችሁም።