ከጀልባ ሆድ የተፋቀ ቀለም አያያዝ፦ ጎርጎራ ላይ የተማርኩት

መኖሪያዬ ጎንደር ከተማ ቢሆንም የብረት ጀልባ ስለምጠግን፣ የጣና ውኃ በሚሸሽበት በግንቦት ወር ጎርጎራ እወርዳለሁ። በመጀመሪያው ዓመት የአንድ ጀልባ ሆድ በግራይንደር በደረቁ ፍቀን፣ ቀዩን ብናኝ አሸዋው ላይ እንደተበተነ ትተነው ተመለስን። መስከረም ላይ ስወርድ የሠራንበትን ቦታ ሐይቁ ሸፍኖታል። የፋቅነውን ሁሉ በገዛ እጃችን ውኃ ውስጥ እንደጨመርነው የገባኝ ያን ዕለት ነው፤ ዛሬም ይቆጨኛል።

ይህ ቀለም በጀልባው ላይ አልጌ እንዳይበቅል መርዙን ቀስ እያለ እንዲለቅ ተደርጎ የሚሠራ ሲሆን፣ መርዙም በአብዛኛው የመዳብ ኦክሳይድ ነው። መዳብ በስብሶ አይጠፋም፤ ጭቃ ውስጥ ይቀመጣል፤ ጣና ደግሞ ጥልቅ ስላልሆነ ነፋስ በተነሣ ቁጥር ጭቃው ይታመሳል። ይበልጥ የሚያሰጋኝ ግን የድሮው ቀለም ነው። አንዱን ቅርፊት በጥፍሬ ብገልጠው ከቀዩ ሥር ሰማያዊ፣ ከሰማያዊው ሥር ግራጫ አገኘሁ፤ ማን መቼ እንደቀባው የሚያውቅ አልነበረም። በ2001 እ.ኤ.አ. ጸድቆ በ2008 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ ስምምነት የከለከለው ትሪቡቲልቲን የተባለ የጀልባ ቀለም መርዝ ወይም ደግሞ እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል፣ ታሪኩ ያልታወቀን ቀለም ሁሉ እንደ ክፉው እቆጥረዋለሁ።

አሁን ጀልባውን ከዳር አርቀን እንስባለን፤ ከሥሩ ወፍራም ላስቲክ አንጥፈን ጠርዙን በእንጨት ከፍ እናደርጋለን፤ ከዚያም ውኃ እያርከፈከፍን በስፓቱላና በብርጭቆ ወረቀት እንፍቃለን። ዝቃጩ በርሜል ውስጥ ይረጋል። ከላይ የጠራው ውኃም ቢሆን የሟሟ መዳብ ስላለበት ወደ ሐይቁ አይመለስም፤ በሰፊ ገበታ ፀሐይ ላይ ይተናል። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ቅርፊቱን እናቃጥለው ቢለኝም፣ መዳቡ አመድ ውስጥ ስለሚቀርና ጭሱም ስለሚጎዳ አልፈቀድኩም።

አንዲት እናት ባዶውን የቀለም ጣሳ አንሥተው፣ «ልጄ፣ ለውኃ መቅጃ ስጠኝ» አሉኝ። «እማማ፣ ይህ መርዝ ነው፤ ታጥቦም አይለቅ» ብዬ ሌላ ጀሪካን ሰጠኋቸው። ከዚያ ወዲህ ባዶ ጣሳ ሁሉ በምስማር ይበሳል።

ስለ አደገኛ ቆሻሻ የወጣው አዋጅ ቁጥር 1090/2010 እንዲህ ያለ ነገር ከተራ ቆሻሻ ጋር እንዳይደባለቅ አስጠንቅቆኛል። ስለዚህ በርሜሎቹ ይዘታቸውና የተሞሉበት ቀን ተጽፎባቸው፣ ጣሪያና የሲሚንቶ ወለል ባለው ክፍል ተቆልፈው ጎንደር ይገኛሉ።