የመስቀል ጦርነቶችን ማጥናት ከጀመርኩ አምስተኛ ወር

ባለፈው «ነገሩ ቀላል ነው፣ ክርስቲያኑ በአንድ ወገን ሙስሊሙ በሌላ ወገን» ብዬ ጽፌላችሁ ነበር አይደል? ተሳስቻለሁ። ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ግን ስለ ዓመተ ምሕረት ላውራ፣ ሦስት ሳምንት የበላኝ እሱ ነው። የሙስሊሞቹ ሱልጣን ሳላሃዲን የመስቀል ጦረኞቹን ድል ያደረገበትን የሐጢንን ውጊያ አንዱ መጽሐፍ 1187 ይለዋል። ከአረብኛ የተተረጎመው በሂጅራ 583 ይላል። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ ብዬ ወደኛ አቆጣጠር መለስኩትና 1179 ብዬ ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። በኋላ ገልጬ ሳየው ሳላሃዲን እዚያ ቦታ ሦስት ጊዜ የተዋጋ መሰለኝ! አሁን ሁሉንም በአውሮፓ አቆጣጠር ብቻ ነው የምይዘው፣ እዚህም እንደዚያው።

ሌላው ለውጥ ካርታ ነው። ትልቅ ወረቀት ግድግዳ ላይ ለጠፍኩ። ፈረንጆች የያዙትን ከተማ በቀይ እርሳስ፣ ሙስሊሞች የያዙትን በአረንጓዴ እቀባለሁ፣ ሲቀያየር አጠፋለሁ። (ፈረንጆች ያልኩት ዝም ብዬ አይደለም፤ የዘመኑ አረብ ጸሐፊዎች «ኢፍረንጅ» ነው የሚሏቸው፣ የኛም ቃል ከዚያው የመጣ ነው።) በ1098 አንጾኪያ ቀይ፣ በ1099 ኢየሩሳሌም ቀይ። ኤዴሳ የምትባለዋን ለሳምንታት ዝም ብዬ ሳልፋት ቆይቼ፣ ለካ በቤተ ክርስቲያን ታሪክ የምናውቃት የንጉሥ አብጋር ሮሃ ናት! ከዚያ ወዲህ አልረሳኋትም።

ቀለሙ 1108 ላይ ሲደርስ ጉድ ሆነ። የአንጾኪያው ታንክሬድ ከሀለቡ ሪድዋን ጋር አብሮ፣ የሮሃው ባልድዊን ደግሞ የሞሱል ገዥ ከነበረው ከጃዋሊ ጋር ሆኖ ተዋጉ። በሁለቱም በኩል መስቀልም አለ፣ ሶላትም አለ። የጠቡ መነሻ ባልድዊን እስር ቤት እያለ ታንክሬድ የያዛትን ሮሃን አልለቅም ማለቱ ነው። ርስት ነው እንግዲህ። ደማስቆም እንዲሁ፤ የሞሱልና የሀለብ ገዥ ከነበረው ከዘንጊ ጋር ስትፋጠጥ ከኢየሩሳሌም መንግሥት ጋር ተወዳጅታ የነበረች ከተማ ናት። ሮሃ በ1144 በዘንጊ እጅ ስለወደቀች ከአውሮፓ የመጣው ጦር ግን በ1148 ሄዶ የከበበው እሷኑ ደማስቆን ነው፣ ያውም በአምስተኛው ቀን ጥሎ ሄደ። ይሄን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ብዙ ጊዜ ያጠፋሁት ሐጢን ላይ ነው። እስካሁን ስለ ጀግንነት ነበር የማነበው፣ ካርታው ላይ ምንጮቹን በሰማያዊ ስጨምር ግን ሌላ ነገር ታየኝ። የፈረንጆቹ ጦር ሰፉሪያ ምንጭ አጠገብ ሰፍሯል፣ ውሃ እንደልብ ነው። ሳላሃዲን ጥብርያዶስን ከበበ። ከተማዋ ውስጥ ያለችው ከፈረንጆቹ መሳፍንት የአንዱ፣ የሬይሞንድ ሚስት ናት፣ ግን አንሂድ ብሎ የሞገተው ራሱ ሬይሞንድ ነው። የኢየሩሳሌሙ ንጉሥ ጊ ሌሊቱን ሐሳቡን ቀየረና በሐምሌ ሙቀት ጉዞ አዘዘ። መንገድ ላይ ያለ ውሃ አደሩ፣ በማግስቱ ሳሩ ላይ እሳት ተለቀቀባቸው፣ ሐይቁ ደግሞ ከፊታቸው ነው። ጦሩ እዚያው ተሸነፈ፣ በጥቅምት ኢየሩሳሌም አረንጓዴ ሆነች።

አሁን 1229 ላይ ቆሜያለሁ። የሮማው ጳጳስ ያወገዙት የጀርመን ንጉሠ ነገሥት ፍሬድሪክ ሁለተኛ ከግብፁ ሱልጣን አል-ካሚል ጋር ተዋውሎ ኢየሩሳሌምን ያለ ውጊያ ተረከበ፣ አል-አቅሳ ግን በሙስሊሞች እጅ ቀረ። ግማሽ ቀይ ግማሽ አረንጓዴ ልቀባት? በ1244 እንደገና ወደ አረንጓዴ መመለሷ አይቀርም፣ ወረቀቱ ደግሞ እዚያ ጋ በላጲስ ብዛት ሊቀደድ ነው። በላዩ ልለጥፍበት ወይስ አዲስ ልጀምር?