ከኦዲት ድርጅት ወደ ባልዲ ፋብሪካ፦ የ14 ወር ማስታወሻ

የጥርን ሂሳብ የካቲት 6 ቀን ዘጋሁት። ወሩ ባለቀ በስድስተኛው ቀን ማለት ነው። በታኅሣሥ 2017 እዚህ ፋብሪካ ሂሳብ ክፍል ስገባ የመጀመሪያውን ወር ለመዝጋት 27 ቀን ፈጅቶብኝ ነበር። ያኛውን ስጨርስ የሚቀጥለው ወር ሊያልቅ ሦስት ቀን ቀርቶት ነበር። ስለዚህ ዛሬ በጣም ደስ ብሎኛል። ደስታው ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው። የቀድሞ ባልደረቦቼም እየደወሉ «ከኦዲት ልወጣ ነው፣ እንዴት ነው ነገሩ?» ይሉኛል፤ ለእነሱም መልስ ይሁን።

አወጣጤን ባጭሩ ልበለው። ስድስት ዓመት በአንድ ትልቅ የኦዲት ድርጅት ሠርቻለሁ። ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ያለውን ጊዜ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ። ሦስት እንቁጣጣሽ ደንበኛ ቢሮ ውስጥ ነው ያለፈብኝ። ለመውጣት የወሰንኩት ግን በድካም አልነበረም። አንድ ቀን አንድ አካውንታንት «ይሄ የስቶክ (የዕቃ ክምችት) ሂሳብ ትክክል አይደለም» አልኩት። «እሺ፣ እንዴት አድርጌ ላስተካክለው?» አለኝ። ማስተካከል የኦዲተር ሥራ አይደለም ብዬ መለስኩለት። መልሱ ደንቡን የጠበቀ ነበር። ግን ቢፈቀድልኝም እንዴት እንደሚስተካከል አላውቅም ነበር። ያ ነገር ለወራት ከራሴ አልወጣም።

ስለ መልቀቂያ አንድ ነገር ልብ በሉ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 መሠረት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥታችሁ መውጣት ትችላላችሁ። አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለገለ ሰው በራሱ ፈቃድ ቢለቅም የስንብት ክፍያ ያገኛል። እኔም ይሄን አንብቤ ገንዘቡን በልቤ በጀት አድርጌው ነበር። ያላየሁት ነገር ቢኖር ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ያለበት ሰው ይህ መብት እንደሌለው ነው። የኤሲሲኤ (የዓለም አቀፍ የሂሳብ ባለሙያነት ፈተና) ክፍያዬን ድርጅቱ ሲሸፍንልኝ የግዴታ ውል አስፈርሞኛል፤ እኔ ደግሞ ሳላነብ ነው የፈረምኩት። አንድ ዓመት ይቀረኝ ነበር። የስንብት ክፍያ ማግኘቴ ቀርቶ የቀረውን ከኪሴ ከፍዬ ወጣሁ። የሌላ ሰው ውል ሲሆን እያንዳንዷን አንቀጽ አስምሬ የማነብ ሰው ነበርኩ። ውላችሁን ዛሬውኑ አውጥታችሁ አንብቡ።

ሲቪ ወደ 40 ቦታ ላክሁ። ሦስት ቦታ ተጠራሁ። የድርጅቱ ስም በር ያስከፍታል፤ ከበሩ በኋላ ግን ማንም ስለሱ አይጠይቅም። አሁን ያለሁበት ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ ቃለ መጠይቁ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ። «አንድ ባልዲ ስንት እንደሚያስወጣኝ በየወሩ ልትነግሪኝ ትችያለሽ?» አሉ። «እችላለሁ» አልኩ። ያን ቀን አልችልም ነበር።

ፋብሪካው ባልዲ፣ ሳፋና የመሳሰለውን የፕላስቲክ ዕቃ ነው የሚያመርተው። ጥሬ ዕቃው በ25 ኪሎ ከረጢት በጅቡቲ በኩል ይገባል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት የበላብኝ የገቢ ዕቃው ሂሳብ ነው። ኢንቮይስ፣ የመርከብ ጭነት፣ ኢንሹራንስ፣ የወደብ ወጪ፣ ቀረጥ፣ የትራንዚተር (ዕቃውን ከጉምሩክ የሚያስለቅቀው ሰው) ክፍያ፣ የመኪና ኪራይ፤ ይሄ ሁሉ በአንድ ፋይል ተሰብስቦ በኪሎ መካፈል አለበት። መጀመሪያ የሠራሁት ፋይል ላይ ዲክላራሲዮኑ (የጉምሩክ ሰነዱ) ላይ ያየሁትን ክፍያ በሙሉ ደምሬ ወጪ አደረግኩት። ተእታውና (ተጨማሪ እሴት ታክሱና) 3 በመቶው ዊዝሆልዲንግ (አስቀድሞ የሚያዘው ግብር) የሚካካስ ገንዘብ ነው፤ የዕቃው ዋጋ ውስጥ አይገባም። ይህን ስሕተት ሌሎች ላይ ስንት ጊዜ አግኝቼ ጽፌያለሁ! ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ ዕቃው የተመዘገበበት ምንዛሪና ለአቅራቢው የሚከፈልበት ምንዛሪ ይራራቃሉ። ልዩነቱ ወደ ትርፍና ኪሳራ ነው የሚሄደው። ዕቃው ላይ አትጫኑት። እሱን አንዴ ከያዝኩት በኋላ አላስቸገረኝም።

ያስቸገረኝ ኪሎ ነው።

የየካቲት 2017ን ሂሳብ ስዘጋ እንዲህ ሆነ። ከመጋዘን 48,000 ኪሎ ጥሬ ዕቃ ወጥቷል። የተመረተው ዕቃ ብዛት በየዕቃው መደበኛ ክብደት ሲባዛ 43,900 ኪሎ መጣ። ከፋብሪካው ውጭ ላለ ገዢ የተሸጠ ውዳቂ 1,200 ኪሎ አለ። የቀረው 2,900 ኪሎ የት ገባ? ስድስት በመቶ ማለት ነው። ከመቶ በላይ ከረጢት።

ሦስት ቀን ኤክሴል ላይ ተቀመጥኩ። የማውጫ ሰነዶቹን አንድ በአንድ አየሁ፤ ድምሩ ልክ ነው። ቢን ካርዱ (የመጋዘኑ የክምችት መመዝገቢያ) ከፒችትሪው (ከሂሳብ ሶፍትዌራችን) ጋር ይገጥማል። ወረቀቱ ሁሉ ፊርማ አለው። ወረቀት ልክ ሆኖ ዕቃ ሲጎድል የኦዲተር ልብ ወዴት እንደሚሄድ ታውቃላችሁ። ለሥራ አስኪያጁ ማስታወሻ ጻፍኩ። «ሌብነት» የሚል ቃል የለውም። «የመጋዘን ቁጥጥር ክፍተት» ነው ያልኩት፤ ስድስት ዓመት ስጽፈው የኖርኩት ሐረግ ነው። ያነበበ ሰው ሁሉ ግን ምን ለማለት እንደፈለግኩ ገብቶታል።

የመጋዘኑን ኃላፊ ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በዕድሜ አባቴን ያህላሉ። ከገባሁ ጀምሮ «ልጄ» ነበር የሚሉኝ። ማስታወሻው በደረሳቸው ማግስት መጋዘን ስገባ ከወንበራቸው ተነሱ። «ምን ልታዘዝ? የሚፈልጉትን ሰነድ ይንገሩኝ» አሉኝ። «እርስዎ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ ምንም አላሉም። እኔም ሰነዴን ይዤ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የማሽን ክፍል ስገባ ወሬ ይቆማል። «ኦዲተሯ መጣች» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ።

መፍትሔው የመጣው በአጋጣሚ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ትራንዚተር ለማግኘት በግቢው በኋላ በር ስወጣ ከክራሸሩ (ከፕላስቲክ መፍጫው) ጀርባ በማዳበሪያ የታጨቀ የተበላሸ ምርት ክምር አየሁ። «ይሄ ምንድነው?» ስል የፈረቃው ፎርማን «ክራሸሩ ቢላው ደንዝዞ ነው፤ ሲሠራ ፈጭተን መልሰን እንከተዋለን» አለኝ። «ተመዝኗል?» አልኩት። «ለምን ይመዘናል? የራሳችን ዕቃ አይደል?» አለኝ። አስመዘንኩት። ወሩ ሲዘጋ እዚያው እንደነበረ ፎርማኑ ከፈረቃ ደብተሩ አሳየኝ። ወደ 1,100 ኪሎ ነበር።

ከዚያ ቢሮ አልተመለስኩም። በየማሽኑ ሥር ተከፍተው የቀሩትን ከረጢቶች አስመዘንኩ። በየወሩ መጨረሻ ወደ መጋዘን አይመለሱም፤ እንደወጡ ነው የሚቆጠሩት። ያን ቀን 380 ኪሎ ገደማ ሆኑ፤ የካቲት መጨረሻ ላይም ከወሩ መጀመሪያ በዚህን ያህል ይበልጡ እንደነበር ኦፕሬተሮቹ ነገሩኝ። የቀረው ትልቁ ነበር፤ እሱን ያገኘሁት ደግሞ በአንድ ባልዲ ነው። መደበኛ ክብደቱ በሰንጠረዣችን 410 ግራም ነው። ሚዛን ላይ ሳስቀምጠው 436 አለ። ሌላ አነሳሁ፣ 435። አሥር መዘንኩ፤ አንድም 410 የለም። የሞልድ (የባልዲው ቅርጽ ማውጫ) ቴክኒሺያኑ ምክንያቱን ሲነግረኝ እንደ ተራ ነገር ነው። ሞልዱ ተበላሽቶ ከተጠገነ ወዲህ የባልዲው ግድግዳ ወፍሯል። ይህን ቁጥር ደግሞ ያ ቴክኒሺያን ያውቀዋል፣ ኦፕሬተሮቹ ያውቁታል፣ ጋሼም ያውቁታል። ሂሳብ ክፍል ብቻ ነበር የማያውቀው። በየካቲት 45,000 ባልዲ ተመርቷል። በ26 ግራም አባዙት፤ 1,170 ኪሎ ነው።

ሦስቱ ሲደመሩ 2,650 ኪሎ ሆኑ። የቀረው 250 ኪሎ በመንገድ የሚቀደድ ከረጢትና ማሽን ሲጸዳ የሚወጣው ነው ብዬ አምናለሁ። ከ48,000 ኪሎ ግማሽ በመቶ ነው። የሰረቀ ሰው አልነበረም።

ከሁሉ በላይ የከበደኝን ልናገር። ይህን ዓይነት የመደበኛ ክብደት ሰንጠረዥ ኦዲት ሳደርግ ብዙ ፋብሪካ አይቻለሁ። ሰንጠረዡ የተፈረመ መሆኑን አይቼ፣ ስሌቱን ደግሜ ሠርቼ፣ ቲክ አድርጌ አልፋለሁ። አንድም ጊዜ ዕቃውን ሚዛን ላይ አላስቀመጥኩም። ሚዛኑ እኮ ከፊቴ ነበር።

ለሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ማስታወሻ ጻፍኩ። በመጀመሪያው ማስታወሻ ላይ መጋዘኑን የጠቀስኩት በስሕተት መሆኑን በግልጽ አስቀመጥኩ። ኮፒውን ይዤ ለጋሼ ራሴ ሰጠሁ፤ ይቅርታም ጠየቅኳቸው። መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡት። አጥፈው መሳቢያቸው ውስጥ ከተቱት። «ያኔ መጥተሽ ብትጠይቂኝ እኮ እነግርሽ ነበር» አሉኝ። ከወቀሳው ይልቅ «አንቺ» ማለታቸው ነው ያስለቀሰኝ።

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። ሁለት ሚዛን አለን። ትልቁ ክራሸሩ አጠገብ ነው፤ ወደዚያ የሚሄድ ማንኛውም ነገር ተመዝኖ በፈረቃ ደብተር ይጻፋል። ትንሹ የጠረጴዛ ሚዛን ነው፤ ከየፈረቃው፣ ከየዕቃው ዓይነት 10 ፍሬ ይመዘናል። ቁጥሩን ሴት ኦፕሬተሮቹ በእጃቸው ይጽፉታል። እኔ በየሳምንቱ እሰበስበዋለሁ። በወር የነበረውን የኪሎ ማስታረቅ ወደ ሳምንት ማውረዴ ነው ከ27 ቀን ወደ 6 ቀን ያመጣኝ። የሳምንት ልዩነት ሲፈለግ ሰው ያስታውሳል፤ የወር ሲሆን ማንም አያስታውስም። ትንሿን ሚዛን ከላፕቶፔ የበለጠ እወዳታለሁ ብል አላጋነንኩም።

ስለ መሣሪያ ከተነሳ ሐሳቤን በግልጽ ልበል። ከኦዲት የወጣን ሰዎች ኤክሴል ላይ እንመካለን። እኔም ስገባ 30 ሺት ያለው፣ ሁሉም በሁሉም የተያያዘ ፋይል ሠርቼ ነበር። በሐምሌ 2017 ከግብር ነፃ የሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ሲል የደመወዝ ሺቱን ነካሁና የምርት ወጪው ተበላሸ። አንድ ሙሉ ቀን ፈለግኩት። አሁን አራት አጫጭር ፋይሎች ናቸው፤ አብራኝ የምትሠራዋ ልጅ እኔ ሳልኖር ትከፍታቸዋለች። ሰው ሊረከበው የማይችል ፋይል መሥራት ጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። አዲስ ሲስተም ይገዛልን የሚለውንም ጥያቄ አልደግፍም። ያልተመዘነ ባልዲ የትኛውም ሲስተም ውስጥ ቢገባ 410 ነው የሚለው።

ሌላው፣ ሁሉንም ደረሰኝ አትጠብቁ። የመብራት ቢል ዘገየ ብዬ ወር ሳልዘጋ የቀረሁበት ጊዜ አለ። ቆጣሪውን በወሩ መጨረሻ አንብቡ፣ ገምታችሁ መዝግቡ፣ ቢሉ ሲመጣ አስተካክሉ። ኦዲት ላይ አክሩዋል (ቢሉ ሳይመጣ ተገምቶ የሚመዘገብ ወጪ) ሲጎድል የምንጮኸው እኛው ነበርን።

ኤሲሲኤውን ልቀጥል አልቀጥል ለምትሉኝ፣ ቀጥሉ። እኔም ሁለት ፈተና ይቀረኛል፣ እጨርሰዋለሁ። ግን ፈተናውን ለማለፍ ስትሉ የሥራ ለውጡን አታዘግዩ። ደመወዝን በተመለከተ፣ የእኔ ስገባ ቀንሷል። ከሰባት ወር በኋላ ነው ድሮ ወደነበርኩበት የተመለስኩት። ቤት ኪራይ ላይ ያለ ሰው ይህን አስቀድሞ ያስላ። የሦስት ወር ወጪ ሳልይዝ መውጣቴ ትክክል አልነበረም።

አሁን የያዘኝ ኦቨርሄድ (ለአንድ ዕቃ በቀጥታ የማይቆጠር የፋብሪካ ወጪ) ነው። በጥር መብራት በተደጋጋሚ ጠፍቶ ማሽኖቹ ብዙ ቆመዋል። ኪራዩና እርጅናው ግን አልቆመም። ወጪውን በሙሉ በተመረተው ባልዲ ላይ ካካፈልኩት ባልዲው ያለ ጥፋቱ ይወደዳል። አይኤኤስ 2 (ስለ ዕቃ ክምችት የወጣው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ) የሚለው ቋሚ ወጪው በመደበኛ የማምረት አቅም ይመደብ፣ የተረፈው በወሩ ወጪ ይሁን ነው። ታዲያ መደበኛ አቅማችን ስንት ነው? ማሽኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ሊሆን አይችልም። በብዙ ወራት በአማካይ የሚጠበቀውን ምርት መውሰድ አለብኝ፤ መብራት የጠፋባቸውን ወራት ግን እንደ መደበኛ ልያዛቸው ወይስ ልተዋቸው? ለጊዜው ከጋሼ ጋር ሆነን የ24 ወር የፈረቃ ደብተሮችን ከመጋዘን አውጥተን የቆመበትን ሰዓት በምክንያቱ እየለየን ነው። 2016 ላይ ደርሰናል። ፋብሪካ ውስጥ የምትሠሩ፣ እናንተ የቆመውን ሰዓት እንዴት ነው የምትይዙት? በተለይ ጄኔሬተር የሌላችሁ፣ ብትጽፉልኝ ደስ ይለኛል።