ዛሬ ደም ሰጥቼ መጣሁ

ዛሬ ጠዋት እዚህ ሐዋሳ ደም ሰጥቼ ወጣሁ። ለኤችአይቪ ምርመራ ነው፤ ቫይረሱ መድኃኒቱን ተላምዶ እንደሆነ የሚያይ። የተለመደው የቫይራል ሎድ ምርመራ አይደለም። እሱ የቫይረሱን ብዛት ብቻ ነው የሚናገረው። የእኔ ሁለቴ ተለክቶ ሁለቴም በአንድ ሚሊ ሊትር ከ1000 ቅጂ በላይ ወጣ፤ መድኃኒት ለሚወስድ ሰው ከፍተኛ ነው። በመሃል ለሦስት ወር የምክር አገልግሎት ተከታትያለሁ፤ አንድም ቀን ኪኒን አላሳለፍኩም። "በደንብ አልወሰድክም" መባል እንዴት እንደሚያም የደረሰበት ያውቀዋል።

የዛሬዋ ሲስተር ግን "ወንድሜ፣ ጥፋቱ ያንተ ላይሆን ይችላል" አለችኝ። ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ቫይረሱ ሲባዛ ራሱን አሳስቶ ይገለብጣል። አንዳንዱ ስህተት መድኃኒቱ እንዳይበግረው ያደርገዋል። ገና ከጅምሩ የተላመደ ቫይረስ የሚይዘው ሰውም አለ። ላብራቶሪው የቫይረሱን ዘረመል አንብቦ እነዚያን ለውጦች ይፈልጋል። ሐኪሙም በዚያ ተመርቶ የሚሠራውን መድኃኒት ይመርጣል።

አንድ ነገር ደጋግማ ነገረችኝ፦ ውጤቱ እስኪመጣ መድኃኒቱን እንዳላቆም። ናሙናውም ቢሆን መድኃኒት እየወሰዱ ሲሰጥ ይሻላል። ካቆሙ የተላመደው ቫይረስ ባልተላመደው ተውጦ ላይታይ ይችላል።

ከዚያ ወደ ሐይቁ ዳር ወረድኩ። እማዬ ደወለች። "እንዴት ሆንክ ልጄ?"

"ሰጠሁ እማ። አሁን መጠበቅ ነው።"

የማታው ኪኒኔ ሁለት ሰዓት ላይ ነው።