ቅጠል መንፊያው ዛሬ ተነሳ

አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ። ቅጠሉ ረግፎ ግቢያችንን ሸፍኖታል። ባለፈው ሳምንት በቤንዚን የሚሠራ ያገለገለ ቅጠል መንፊያ በ40 ዶላር ገዝቼ ነበር። ገመዱን ስስበው ይነሳል። ቾኩን (ለማስነሳት አየር የሚቀንሰውን ክዳን) ስመልሰው ግን ቀጥ ይላል።

ጠዋት ካንዴላውን (እሳት የሚሰጠውን) ፈትቼ አየሁት፤ ደህና ነው። ሰልባትዮውን (የቤንዚን ቋቱን) ስከፍተው ግን የከረመ ቤንዚን ሸተተኝ። እዚህ አገር አብዛኛው ቤንዚን እስከ 10 በመቶ ኢታኖል አለበት። ሲቆይ እርጥበት ይስባል፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን የካርቡራተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎችም የሚደፍን ዝቃጭ ይተዋል። አሮጌውን አወጣሁና አዲስ ቀላቀልኩ፤ ለ1 ጋሎን ቤንዚን 2.6 አውንስ የሁለት ስትሮክ ዘይት፣ ማለትም 50 ለ1። እባካችሁ ይቺን አትርሱ። እነዚህ ሞተሮች ለብቻው የዘይት ቋት የላቸውም። ዘይት ያልገባበት ቤንዚን ከሰጣችኋቸው ፒስተኑ ተፋፍቆ ይጣበቃል።

አሁንም ያው ነው። በዚህ መሀል ጎረቤታችን ጋሼ መጡ። አዲስ አበባ እያሉ መካኒክ ነበሩ።

"ልጄ፣ በቾክ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ወይ የሆነ ቦታ አየር ይስባል።"

የቤንዚን ቱቦውን በጣታቸው ጎበጥ ሲያደርጉት ስንጥቁ ታየ። የፀጉር ያህል ቀጭን ናት፤ ከሰልባትዮው የሚወጣበት ጥግ ላይ። እኔ ሦስቴ አይቼ አልፌዋለሁ። ቱቦውንና ፊልትሮውን አብረን ቀየርን።

ገመዱን ለሦስተኛ ጊዜ ስስበው ተነሳ። ቾኩን መለስኩ። አልጠፋም! ደስታዬን ልነግራችሁ አልችልም። ሙሉ ጋዝ ስሰጠው ገና ትንሽ ይታፈናል። ጋሼ የማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ወንፊት በጥላሸት ተደፍኖ ይሆናል ብለዋል፤ ነገ እሱን እፈታለሁ።

ቡና ሳይጠጡ ግን አልለቀቅኳቸውም።