ውሃ የምታስገባው ጀልባዬ

ስዊድን አገር ጎተንበርግ ከተማ ከገባሁ ወዲህ ካፈራሁት ንብረት ሁሉ እጅግ የማታዋጣኝ አንዲት አሮጌ የእንጨት ጀልባ ናት፤ ሆኖም እንደ እርሷ የሚያኮራኝ የለም። ዓይነቷ ፎልክቦት ይባላል፤ በስዊድንኛ የሕዝብ ጀልባ ማለት ነው። የመጀመሪያዋ እዚሁ ከተማ እ.ኤ.አ. በ1942 ውሃ ላይ የወረደችው፣ ተራ ደመወዝተኛም ሊገዛው የሚችል ባለ ሸራ ጀልባ እንዲኖር ታስቦ ነበር። ሸራዋ 24 ካሬ ሜትር ሲሆን፣ ከሥሯ ያለው ብረት ከጠቅላላ ክብደቷ ግማሽ ያህሉን ስለሚይዝ፣ ነፋስ ቢያጋድላትም ተመልሳ ቀጥ ትላለች።

ጠባይዋ ግን ልዩ ነው። ሳንቃዎቿ እንደ ዓሣ ቅርፊት አንዱ በሌላው ላይ ተደርበው በመዳብ ሚስማር የተያያዙ በመሆናቸው፣ የበረዶውን ወራት በየብስ ስታሳልፍ እንጨቱ ይደርቅና መጋጠሚያው ይላላል። ስለዚህ በሚያዝያ ውሃ ላይ በወረደች ዕለት፣ ጎረቤቶቼ የፋይበርግላስ ጀልባቸውን አስረው ቡናቸውን ሲጠጡ፣ እኔ ባልዲና ፓምፕ ይዤ አድራለሁ። ባለፈው ዓመት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ደርሶ ነበር። በሦስተኛው ቀን እንጨቱ አብጦ ሲገጥም ፍሳሹ በራሱ ጊዜ ቆመ። (እናቴ ይህን በስልክ ስነግራት «የሚያፈስ እንስራ በገንዘብህ ገዛህ?» አለችኝ።)

ሞተር የላትም፤ ነፋሱ ሲቆም ተቀምጦ መጠበቅ ነው። ቫርኒሿን በየዓመቱ ፍቄ እቀባለሁ፣ ጣቶቼም እስከ ሰኔ ድረስ የተልባ ዘይት ይሸታሉ። በሐምሌ ስናልፍ አንድ ሽማግሌ ከጀልባ ማቆሚያው ዳር ቆመው ኮፍያቸውን አነሱልን፤ ለእኔ ይሁን ለእርሷ አልጠየቅሁም።